ቀይ የለበስንበት ቅዳሜ

ማክሰኞ፣ ሜይ 14

ሥራ ገባሁ። አሥራ አንድ መነጽር ጨረስኩ። አንዷ ደንበኛ አዲሱን መነጽር አድርጋ ወደ መንገዱ አየችና “ዛፍ ቅጠል ቅጠሉ እንዲህ ይለያል እንዴ!” ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። መሳቅ ያለብኝ ቦታ ላይ እስቃለሁ። እስካሁን ማንም አልነቃብኝም።

ልጆቹን ከትምህርት ቤት አመጣሁ። ማካሮኒ ቀቀልኩ። ጁድ “ጨው የለውም” አለ። ዊኒ “ዝም ብለህ ብላ” አለችው። ገና አሥር ዓመቷ ነው። አነጋገሯ ግን የትልቅ ሴት ሆኗል። መቼ ነው እንዲህ የሆነችው? አላየሁም።

ባለቤቴ ዴሪክ ከሞተ ዛሬ ሦስት ወር ከሁለት ቀን። ፖስታ ሲያድል፣ የሰው በር ላይ፣ ልቡ ቆመ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር። ቀብሩ ላይ አላለቀስኩም። ከዚያ ወዲህም አላለቀስኩም። ሰው “ጠንካራ ነህ ካልቪን” ይለኛል። ጥንካሬ አይደለም... ጥርስ ሐኪም መርፌ ወግቶህ ድድህን በምላስህ ስትነካው እንዳለው ነገር ነው። አለ፣ ግን የሌላ ሰው ነው።

ሐሙስ፣ ሜይ 16

ጁድን ከዋና ትምህርት ማምጣት ረሳሁ። አርባ ደቂቃ። አሰልጣኙ ደወለ። ስደርስ በፎጣ ተጠቅልሎ አጥሩ ሥር ተቀምጧል።

“የሞትክ መስሎኝ ነበር” አለኝ። እንደ ተራ ነገር። ስድስት ዓመቱ ነው።

እሁድ፣ ሜይ 19

ሚስ ኦፓል ከሚኖሩበት ከተማ፣ ከሜከን፣ ደወሉ። የዴሪክ እናት። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። እሁድ እሁድ ነጭ ጓንት አድርገው የቤተ ክርስቲያናቸው በር ላይ ቆመው ምእመኑን ተቀብለው ቦታ ያስይዛሉ። ሠርጋችን ላይ አልመጡም። ለልጆቹ በየልደታቸው ስጦታ ይልካሉ፣ እኔን ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ “የዴሪክ ጓደኛ” ነው የሚሉኝ። ቀብሩም ላይ እንደዚያው።

“ካልቪን፣ ስማኝ። ልጆቹን እኔ ልውሰዳቸው።”

“ለእረፍቱ ነው?”

“ለእረፍቱ... ከዚያ እንተያያለን። እዚህም ትምህርት ቤት አለ። አንተ ራስህን መያዝ አቅቶሃል። ስታናግረኝ እንኳ ሌላ ክፍል ውስጥ ያለህ ነው የሚመስለው።”

“እሺ” አልኩ።

እሺ። በቃ፣ ይኸው ነው። ልጆቼን በአንድ ቃል። ድምፄ እስኪንቀጠቀጥ ጠበቅኩ... አልተንቀጠቀጠም። ሜይ 31 ይመጣሉ። ሰኞ ጁን 3 ይዘዋቸው ይሄዳሉ። ለልጆቹ አልነገርኩም። ምን ብዬ?

ምናልባት ትክክል ናቸው። ልጅ ፎጣ ለብሶ አጥር ሥር ከሚጠብቅ...

ረቡዕ፣ ሜይ 22

ዊኒ ቀያዮቹን ቲሸርቶች ከቁም ሳጥን አውጥታ አልጋዬ ላይ ደረደረቻቸው።

“ፓፓ፣ ቅዳሜ ሳምንት ጁን አንድ ነው። ኦርላንዶ።”

በየዓመቱ በጁን የመጀመሪያ ቅዳሜ የእኛ ሰዎች፣ ጌዮቹም ሌዝቢያኖቹም፣ ያገባውም ያላገባውም፣ ልጅ ያለውም የሌለውም፣ ቀይ ለብሰን ያንን ትልቅ መዝናኛ ፓርክ እንሞላዋለን። ቀዩ እርስ በርስ እንድንተዋወቅ ነው። ዊኒ በጋሪ ከምትገፋበት ጊዜ ጀምሮ አንድም ዓመት አላለፈንም። ዴሪክ ጁድን ትከሻው ላይ አድርጎ ከሰው ሁሉ በላይ ሲጮህ...

“ዘንድሮ ይቅር” አልኩ።

“ለምን?”

“አያትሽ ይመጣሉ።”

“ትምጣ። የአባዬን ቲሸርት እንሰጣታለን፣ ይበቃታል። እሷም እንደሱ ትልቅ ናት።”

እኔ ፓፓ ነኝ። ዴሪክ አባዬ። አባዬ ነበር።

ጁድ አልጋው ላይ እየዘለለ “እንሄዳለን! እንሄዳለን!” አለ። እምቢ ለማለትም ጉልበት ይጠይቃል። “እሺ” አልኩ። ሰሞኑን ለሁሉም እሺ ነው መልሴ።

ዓርብ፣ ሜይ 31

ሚስ ኦፓል መጡ። ራሳቸው እየነዱ። ከመኪናቸው ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ወረደ። ዊኒ አንዱን ልታግዝ ብድግ ስታደርገው ወደ ላይ ተስፈነጠረባት።

“አያቴ፣ ይሄ እኮ ባዶ ነው።”

“እ... ዕቃ እገዛበታለሁ ብዬ ነው።”

“ሁለቱም ባዶ ነው?”

“ልጄ፣ መርማሪ ፖሊስ ሆነሻል እንዴ? ነይ ሳሚኝ።”

ዊኒ ሳመቻቸው። ዞራ አየችኝ። ጫማዬን አየሁ።

ራት ላይ ጁድ የፓርኩን ነገር አነሳው። ሚስ ኦፓል ሹካቸውን አስቀመጡ።

“እኔ? እዚያ ሁሉ መሀል? ፓስተሬ ቢያየኝስ?”

ጁድ “ፓስተርሽም ይመጣል?” አላቸው።

“እሱማ... ኧረ እንጃ!” አሉና ሳያስቡት ሳቁ። ወዲያው ፊታቸውን ሰበሰቡ። “እሄዳለሁ። በዚህ ሙቀት ልጆቹን ለዚህ ሰው ብቻ አልተውም። ቀይ ግን ንክች አላደርግም።”

እኔ ከሳህኔ አንድ ጉርሻ አልበላሁም። ማንም ያየ አልመሰለኝም። ሚስ ኦፓል አይተዋል።

እሁድ፣ ጁን 2

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ በቅደም ተከተል ልሞክር።

ጠዋት ደረስን። ፓርኩ በር ላይ እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሁሉም ቀይ። ሚስ ኦፓል በሐምራዊ ቀሚስና በነጭ ባርኔጣ። ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ጨብጠው ይሄዳሉ፣ ሌባ የተባለ ሁሉ እዚያ የተሰበሰበ ይመስል። ከዚያ አንድ ጢማም ሰውዬ፣ ሰፊ ቀይ ቀሚስ የለበሰ፣ መንገድ ላይ ቆመና

“እማዬ! ባርኔጣዎ ገደለኝ!” አላቸው።

ሚስ ኦፓል ከእግር እስከ ራሱ ገመገሙት። “የአንተን ቀሚስ ማን ነው የሰፋው?”

“እኔው ራሴ።”

“ያስታውቃል። ጠርዙ ተተርትሯል። ቁም!”

ከቦርሳቸው መርፌ ቁልፍ አወጡ። ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ ጎንበስ አሉና ጠርዙን ያዙለት። ሰውዬው እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። “ሁለተኛ በነጠላ ክር እንዳትሰፋ” አሉት። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። እኔም ሳቅኩ፣ መሳቅ ያለብኝ ቦታ ነበር።

ቀትር ላይ በፓርኩ ጀልባ ለመሳፈር ተሰልፈን ነበር። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ከኋላችን “ካልቪን!” የሚል ድምፅ። ቦኒ ናት። በዓመት አንዴ፣ እዚሁ ብቻ ነው የምንገናኘው። አቀፈችኝ። ልጆቹን አቀፈች። ከዚያ ዙሪያውን እያየች

“ዴሪክስ? ውሃ ሊያመጣ ሄደ?”

‘ሞተ’ የሚለውን ቃል ለማንም ብዬው አላውቅም ነበር... ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው የሚለው።

ጁድ የያዘውን ጣፋጭ በረዶ እየላሰ “ሞቷል” አላት። “ልቡ ቆመ። ፖስታ ይዞ ነበር።”

ቦኒ አፏን ያዘች። የቦኒ ቀይ ቲሸርት ሲሰፋ አየሁ፣ ሲሰፋ፣ ሁሉንም ሲሸፍነው... ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ስነቃ ቀዝቃዛ ክፍል። የፓርኩ ሕክምና ክፍል ነው። ጭማቂ ሰጡኝ። ጠጣሁት። መልሼ አስታወክሁት፣ በሚስ ኦፓል ሐምራዊ ቀሚስ ላይ። ተመልሼ ተጋደምኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው፣ ግን እሰማለሁ። ነርሷ ወረቀት ትሞላለች።

“እናቱ ነዎት?”

“አይደለሁም።”

“ታዲያ ምንዎ ነው?”

የቦርሳቸው ማዘጊያ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ። “የልጄ ጓደኛ” እስኪሉ ጠበቅኩ። አሥራ አንድ ዓመት ለምጄዋለሁ።

“አማቼ ነው” አሉ።

“ይቅርታ?”

“አማቼ! የልጄ ባል። ልጄ ከሞተ አራት ወር ሊሞላው ነው፣ ይሄ ደግሞ ምግብ ትቷል። ጻፊው። አማች ብለሽ ጻፊው።”

ያኔ ማልቀስ ነበረብኝ። አላለቀስኩም። ግን ሰማሁት።

ዓይኔን ስገልጥ ዊኒ ከእግርጌ ቆማለች። የአልጋውን ብረት ጨብጣ።

“ለአያቴ ልትሰጠን ነው አይደል?”

“ማን ነገረሽ?”

“ሻንጣው ባዶ ነው። ስልክም ስታወራ ሰምቼሃለሁ። እሺ ስትል።”

“ዊኒ...”

“ጁድን እኔ አበላዋለሁ። ከዋናም እኔ አመጣዋለሁ። መኪና አያስፈልግም፣ መንገዱን አውቀዋለሁ። አንተ ምንም ማድረግ የለብህም። ተኝተህ መዋል ትችላለህ።” እያለች ትንፋሽ አጠራት። “አንተም ስትወድቅ... እኔ...” አልጨረሰችውም።

ምን ልበላት? ውሸት መናገርም ጉልበት ይጠይቃል። እውነቱን ነገርኳት። “ምንም አይሰማኝም፣ ዊኒ። እንደምወዳችሁ አውቃለሁ። ግን አይሰማኝም። እንዲህ ያለ ሰው ጋ ሆናችሁ ምን ታደርጋላችሁ?”

ጁድ ወንበሩ ላይ እግሩን እያወዛወዘ “እኔም አንዳንዴ ምንም አይሰማኝም” አለ። “ከዚያ ይርበኛል።”

ማንም አልሳቀም። ተነስቼ ተቀመጥኩ። ጭንቅላቴ ዞረ። “ሚስ ኦፓል” አልኩ፣ “ልጆቹ አይሄዱም።” ሳልወስን ነው ያልኩት። ካልኩ በኋላ ነው የወሰንኩት።

ቀሚሳቸውን በእርጥብ ፎጣ እየጠረጉ ነበር። እጃቸው ቆመ።

“እኔስ?” አሉ።

“ምን አሉ?”

“እኔስ ምን ልሁን? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልጄ ‘ባለቤቴን ይዤ ልምጣ’ ሲለኝ ‘ብቻህን ና’ አልኩት። ብቻውን አልመጣም። አልመጣም፣ ካልቪን! አሁን እነዚህን ካልወሰድኩ ምኑ ቀረኝ?”

እኔን ለማሳረፍ የመጡ መስሎኝ ነበር። ወይም ሊፈርዱብኝ። እኚህ ሴትዮ ልጅ እንደሞተባቸው... አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ።

“ይምጡ” አልኩ። “እነሱ አይሄዱም። እርስዎ ይምጡ።”

ዊኒ ከቦርሳዋ የዴሪክን ቲሸርት አውጥታ ዘረጋችላቸው። ሚስ ኦፓል ቀሚሳቸውን አዩ። ቲሸርቱን አዩ።

“ቆሽሻለሁ ብዬ ነው እንጂ...” አሉ። መጋረጃውን ስበው ለወጡ።

ስንወጣ ዝናቡ ወረደ። ጀልባዎቹ ቆሙ፣ ሁሉም ተዘጋ። ከመቶ ቀይ ለባሽ ጋር ጣሪያ ሥር ተጠግተን የተጠበሰ ድንች በላን። ሚስ ኦፓል እኔ አንድ ካልዋጥኩ አንድ አይበሉም። አንድ ስውጥ አንድ ያነሳሉ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሳህኑን ጨረስነው። ቦኒ እንዳገኘችን መጥታ አጠገባችን ቆመች። እሱም ጥሩ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጁን 4

ሚስ ኦፓል ትናንት ሄዱ። ሻንጣዎቹን ባዷቸውን ይዘው። በሩ ላይ “ብላ” አሉኝ።

ሰኞ፣ ጁላይ 8

የአእምሮ ሐኪም ጋ መሄድ ከጀመርኩ አምስተኛ ሳምንቴ። ብዙ የማወራው የለኝም። ሐኪሟ አትቸኩልም። መድኃኒት እወስዳለሁ። ምንም ለውጥ የለም... ወይም እኔ አላየሁትም።

ሚስ ኦፓል በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ይመጣሉ። ከበር ሳይገቡ ፍሪጁን ነው የሚከፍቱት። ባለፈው ስለ ዴሪክ ልጅነት አወሩ። ሰባት ዓመት ሆኖት የጎረቤት ደብዳቤ ሰብስቦ እንደገና ሲያድል ተይዞ ተገረፈ። ጁድ ሦስቴ አስደገማቸው።

ዊኒ ጓደኛዋ ቤት አደረች። ዴሪክ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ስትወጣ ስለ ጁድ ምሳ አንድም ነገር አልነገረችኝም።

ሰኞ፣ ኦገስት 12

ትምህርት ተከፈተ። የመጀመሪያ ቀን፣ ፎቶ የሚነሱበት ቀን። ልንወጣ ሃያ ደቂቃ ሲቀረን መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ጁድ የመጸዳጃው ክዳን ላይ ተቀምጧል። ዊኒ መቀስ ይዛለች። ወለሉ ሁሉ ፀጉር። ግማሽ ጭንቅላቱ እንደታጨደ ሣር፣ ግማሹ እንደነበረ።

“ቅርጽ እያወጣሁለት ነው” አለችኝ።

ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። “ዛሬ! ዛሬ ነው የተገኘው! ምን ነክቷችኋል ሁለታችሁ!” የሚለውን አስታውሳለሁ። ግድግዳው መልሶ ጮኸብኝ። ደረቴ ውስጥ የፈላ ነገር፣ ጆሮዬ ድረስ... ምንድነው ይሄ? አልኩ ለራሴ። ታመምኩ እንዴ? ከዚያ አወቅኩት። ንዴት ነው። ተናደድኩ። እኔ ነኝ የተናደድኩት።

ዊኒ አለቀሰች። እንደ ትልቅ ሴት አይደለም፣ አፏን ከፍታ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። ጁድ ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፣ አልቻለም። የፀጉር ማሽኑን አምጥቼ የቀረውን ላጨሁለት። ጆሮው ከኋላ የዴሪክ ጆሮ ነው። ቁርጥ የእሱ። እስከዛሬ በፀጉር ተሸፍኖ ነበር።

ዊኒን ይቅርታ አልጠየቅኳትም፣ ጥፋተኛ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ቴሌቪዥን የለም አልኳት። በሩን በኃይል ዘግታ ወረደች። መኪና ውስጥ አኩርፋ በመስኮት ታይ ነበር። ደስ አለኝ... ይሄ ቃል ልክ ነው? ደስ አለኝ።

አድርሻቸው መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቀረሁ። መስኮቱን ዘግቼ ዴሪክን ሰደብኩት። ጮክ ብዬ። “ከነዚህ ጋር ብቻዬን ጥለኸኝ! በአርባ ስድስት ዓመትህ! ራስ ወዳድ!” በአጠገቤ የምታልፍ እናት አየችኝ፣ ልጇን ሳብ አድርጋ አለፈች። ይየኝ ሁሉም።

ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። የሸሚዜ ደረት እስኪረጥብ። ቤት ተመለስኩ፣ ሸሚዝ ቀየርኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ። እንደገና ታጠብኩ፣ እንባው አላቆመም።

ሥራ ደውዬ አልመጣም አልኳቸው።