ለቡሬው ሹፌር የሰጠሁሽ ቀን

ጥሩዬ፣

ከሄድሽ አራተኛው ክረምት ገባ። እኔ እንዳለሁ አለሁ፤ ጉልበቴን ግን ይዘሽው ሳትሄጂ አልቀረሽም፣ ስፈልገው አጣዋለሁ። ወንዙ ላይ ድልድይ ተሠራልን። አሁን ምን ያደርግልኛል? ለምረቃው ካድሬው ሲናገር ዋለ፤ እኔ ተኛሁ። ብትኖሪ በክርንሽ ትጎስሚኝ ነበር።

የልጅ ልጃችን ትርንጎ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥታ የሳይንስ ልብወለድ እየጻፈች ነው። ዓለም አንድ አይደለችም ትላለች። ሰው አንዱን በመረጠ ቁጥር ዓለም እንደ መንገድ ትከፈላለች፤ እዚህ የተውነው እዚያ ይኖራል። እንግዲያው በአንዱ ዓለም ጥርሴ ሙሉ ነው ብዬ አሳቅኋት። እሷ የምትጽፈው ግን አንቺ በሕይወት ያለሽበትን ዓለም ነው። ታሪኩ የት ላይ ይከፈል ብላ ጠየቀችኝ።

መጀመሪያ፣ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞሽ ወደ ሐኪም ቤት ስንሄድ ወንዙ ሞልቶ ያቆመን ቀን ላይ ክፈይው አልኋት። ዝናቡን አስቀርታ ጻፈችው። ሳነበው ግን ደከመኝ። ዝናቡ ቢቀር እኔ አለሁ። ጤናዳም አጠጥቼ፣ ነገ ይሻላታል እያልሁ ሁለት ቀን ያቆየሁሽ እኔ ነኝ። ራሴን አውቀዋለሁ፤ በየትኛውም ዓለም ባልሽ ከሆንሁ አቆይሻለሁ።

ስለዚህ ታሪኩን ወደ ኋላ፣ ሁለት ወገን ሽማግሌ አባትሽ ደጅ ወደ ቆመበት ሳምንት መለስሁት፤ የኛና የዚያ የቡሬው ጭነት መኪና ሹፌር። ወጡ ጨው አነሰው ባልሁ ቁጥር፣ የቡሬው ቢሆን ዝም ብሎ ይበላ ነበር ትይኝ የነበረው ሰውዬ። ለሱ ስጫት አልኋት። ቤቱ አውራ ጎዳና ዳር ነው፣ መኪናው ደጅ ቆሟል፤ ባመመሽ ቀን ሐኪም ቤት ያደርስሻል። ሃምሳ ዓመት የቀናሁበትን ሰው በአንድ ቃል ዳርሁት።

ትርንጎ ብዕሯን አስቀምጣ፣ አባባ፣ እኔስ የት ልወለድ ነው አለችኝ። የሹፌሩ የልጅ ልጅ ሁኚ፣ ጆሮሽ ብቻ እንደሱ ይንጠለጠላል አልኋት። ሳቀችና አለቀሰች። ከዚያ ጻፈችው።

በዚያ ዓለም ጅጋ ገበያ ብንተላለፍ አላውቅሽም፤ ጥላ የያዘች አሮጊት ብዬ መንገድ እለቅልሻለሁ። የማስታውስሽ እዚህ ነው፣ እስክመጣ ድረስ። አንቺ ግን ያ ሰውዬ ጨው ያነሰው ወጥ እውነት ዝም ብሎ ይበላ እንደሆነ አጣሪልኝ።

የዚህኛው ዓለም ባልሽ