ቂም በኮርቻ

መስከረም 12
ፀጉር ቤቱን በጊዜ ዘግቼ ግልቢያ ልማር ሄድኩ። ዳማዋ ፈረስ ዛሬም ንቅንቅ አልል አለች። ብለምናት፣ ብቆጣት... ወይ ፍንክች! እንባዬ መጣ። አርባ ሊሞላኝ ነው እኮ! የወንድሜ ሚስት “ልይሽ ብዬ” ብላ አጥሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስልኳን ወደ እኔ አዙራ። ምነው ያኔ በጠየቅኳት።

መስከረም 14
ቀርፃኛለች! ለቤተሰቡ ሁሉ ልካዋለች። እኔ ከነንፍጤ፣ “በናትሽ ሂጂልኝ” እያልኩ ፈረስ ስለምን። ከሥሩ “የኛ ጀግና” ብላ ጽፋበታለች። እናቴ ሳትቀር ደውላ “ምን አስለቀሰሽ ልጄ” ስትል ሳቋ አመለጣት። በንዴት የደንበኛዬን ጆሮ በካውያ ልጠብሰው ነበር።
ቆይ። ቆይ ብቻ።

መስከረም 19
እንደተናደድኩ ዳማዋ ላይ ወጣሁ። በተረከዜ መታኋት። አሽቀንጥራ ጣለችኝ። ዳሌዬ በልዟል። አሠልጣኟ (ከምላሷ የተነሳ “ጅራፏ” የምንላት) አላነሳችኝም።
“በማን ነው የተናደድሽው?”
“በወንድሜ ሚስት።”
“ታዲያ ፈረሷ ምን አደረገችሽ?”
እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።
“አልቅሺ። ግን እያለቀስሽ ትንፋሽሽን አውጪ፣ ልጓሙን ላላ አድርጊው። ቂምሽን ደጅ ትተሽ ግቢ፤ ስትወጪ ታገኚዋለሽ።”
ስወጣ አገኘዋለሁ... ይቺን ወደድኳት።

መስከረም 26
ዛሬም አለቀስኩ። ግን እጄን አላላሁ፣ ንፍጤን በትከሻዬ ጠረግኩ። ዳማዋ ሄደች። ሶምሶማ! እያለቀስኩ ሶምሶማ!

ጥቅምት 3
ለወንድሜ ሚስት ደወልኩላት። ድምፄ ማር ነው። “አንቺም ሞክሪው እንጂ፣ የኔ እህት።”
“ቁጭ ማለት አይደል? ምን ሥራ አለው!”
መጣች። ኮርቻው ላይ ወጣች። ዳማዋ ጆሮዋን ብቻ ብታንቀሳቅስ ጩኸቷን አቀለጠችው። “አውርዱኝ! በናታችሁ አውርዱኝ!” ኩሏ አገጯ ድረስ ወረደ። ሁሉንም ቀረፅኩት። እጄ ዝንፍ አላለም።
“እንዳትልኪው... በወንድምሽ ሞት።”
“እስቲ አስብበታለሁ።”
እንዴት ደስ አለኝ! ኃጢአት ይሆን? ይሁን።

ጥቅምት 5
ምሳ እናቴ ቤት። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። በነካሁት ቁጥር የወንድሜ ሚስት ማንኪያ አየር ላይ ይቀራል። ምግቡ እንደዛሬ ጣፍጦኝ አያውቅም።
ወንድሜ “እስቲ አዲስ ልቅሶ ካለሽ አሳዪን” ብሎ ጀመረ።
“ተዋት!” አለች ሚስቱ። ጮክ ብላ። ሁሉም ዞር ብሎ አያት።
አልላክሁትም። አላጠፋሁትምም።

ጥቅምት 17
የወንድሜ ሚስት ማንም ሳይጠራት ለግልቢያ ተመዘገበች! ምን አስባ ነው? እኔን ልትበልጥ? ሽማግሌው ግራጫ ፈረስ ደረሳት። መራመድ እንኳ ሰልችቶታል። ከንፈሯን ነክሳ፣ እንባዋ እየወረደ... ግን አልወረደችም። ይሄን አልጠበቅኩም።
በሶምሶማ አለፍኳት።
“እታለም፣ ጠብቂኝ!”
እታለም? ከመቼ ወዲህ!
ሦስት ዙር አቧራ አበላኋት። በአራተኛው ቆምኩላት።