ባልዲ ውስጥ የገባው ዛፍ

ይድረስ ለልጄ ለናዝራዊት፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ከአባትሽ ግትርነት በቀር ደህና ነን።

ከቤልጅየም በሻንጣሽ ያመጣሽልን ችግኝ በሩ አጠገብ ጸድቋል። ቅጠሉ ዳር ዳሩ ነጭ ስለሆነ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆኖበታል። እትዬ ወለተጻድቅ «ታሟል» ብለው አመድ ነሰነሱበት፤ ከቀራንዮ ጠበል ያመጡለትም አሉ። «ኧረ ተፈጥሮው ነው!» እያልኩ ጉሮሮዬ ደረቀ።

ባለፈው ሳምንት ሜትር የያዙ የወረዳ ልጆች መጥተው «ለመንገዱ ነው» ብለው አጥራችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። ጽሕፈታቸው ያምራል። የእትዬ ወለተጻድቅም አጥር ተጽፎበታል፣ ስለዚህ ቅናት የለም። አባትሽማ ሻይ ጋበዛቸው።

እኔ በነጋታው ዛፉን ነቅዬ ባልዲ ውስጥ ተከልኩት፤ ለንፋሱ ብዬ ነው። አባትሽ «ዛፍ በባልዲ ያድጋል እንዴ?» ብሎ ተቆጣና መልሶ መሬት አስገባው። እኔ ስነቅል እሱ ሲተክል፣ ምስኪኑ ዛፍ እንደ ታክሲ ረዳት ወጣ ገባ ሲል ሰነበተ። ትናንት ግን አባትሽ ራሱ ነቅሎ ባልዲው ውስጥ አስገባው። ለባልዲው ጠንካራ ማንጠልጠያም ሠራለት።

የቡፌውን ብርጭቆዎች ካርቶን ውስጥ ከትቻቸዋለሁ፤ አቧራው በዝቷል።

ለፋሲካ ስትመጪ በቀጥታ ወደ ቤት እንዳትሄጂ። አየር ጤና ወርደሽ ደውዪ። አባትሽ ዛፉን ይዞ ፌርማታው ላይ ይጠብቅሻል፤ በቅጠሉ ትለዪዋለሽ።

በሰላም ያገናኘን፣
እናትሽ ዘነበወርቅ