ኔስታ ያልፈረመችበት ወረቀት

ኔስታ፣

የሻይ ኩባያሽን እያጠብኩ ታክሲው መጣ፤ ስለዚህ በአጭሩ።
ድመቷ ቁርሷን በልታለች። ብትለምንሽ ውሸቷን ነው።
ቀዶ ሕክምናው እኩለ ቀን ላይ ነው። እስከ ማታ አትደውዪ።

ትናንት ኑዛዜዬን በኢንተርኔት ሞልቼ ካተምኩ በኋላ፣ አንቺን ወተት ግዢ ብዬ ላክሁሽና ጎረቤታችንን ፕሮበርትንና ሚስቱን ለምስክርነት ጠራሁ። ስትመለሺ ገና እየፈረሙ ነበር። "ስድስት ዓመት አብሬሽ ኖሬ፣ ስሜን መጻፍ የማልችል መሰለሽ?" አልሽኝ። ወተቱን ተቀብዬሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኩት።
ይቅርታ።

አንቺ ሳትመጪ አብሬው የኖርኩት ኤምሪስም ኑዛዜውን እንዲሁ በኢንተርኔት ነበር የሞላው። "ነይ አንቺ፣ እዚህ ጋ ፈርሚልኝና ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ" አለኝ። እኔና ፖስታ አዳዩ ምስክር ሆነን ፈረምን፤ በእኔ እስክሪብቶ። በኑዛዜ ላይ በምስክርነት የፈረመ ሰው ከዚያ ኑዛዜ አንዳች እንደማይወርስ ያወቅሁት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። አልተጋባንም ነበርና ወደቡ አጠገብ የነበረው ቤታችን ለወንድሙ ልጅ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ደረጃ ስወርድ፣ ኤምሪስ ከኋላዬ "እስክሪብቶሽን አውሺኝ" ይለኛል። ቤቱ ሌላ ነው፤ ድምፁ ያው ነው። ዛሬም ያንኑ አለኝ።
አልዞርኩም።

ወረቀቱ ዳቦ ማስቀመጫው ሥር ነው። አሁን አትክፈቺው። ለምን እንዳላስፈረምኩሽ ግን ገብቶሽ ይሆናል።

ኩባያሽን አድርቄ ቦታው ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ኦልዌን