ፈህሚያን ያስባረርሽበት ቀን

ጎንደር፣ ጥር 2002 ዓ.ም.

ልጄ ዙሌይካ፣ በሰው አገር አላህ ይጠብቅሽ፤ ሰላሙን አይንሳሽ። ከአባትሽ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። እህሉንም ከማክሰኝት አስገብተናል።

እኔ ግን አዝኜብሻለሁ። ኮምፒውተር ውስጥ ባለው ዓለም፣ አንቺን ወክሎ እንዲንቀሳቀስ በሠራሽው የሰው ምስል ልብስ እያሳየሽ ሞዴል ሆንሁ ስትይኝ ሸጋ ነው ብዬ ነበር። ትናንት የአክስትሽ ልጅ ፈህሚያ እያለቀሰች መጣች። አንቺን ልታይ ኢንተርኔት ቤት ገብታ፣ እሷም ምስል ሠርታ ትርኢትሽ ላይ ተገኝታለች። አንቺ በሰው ሁሉ ፊት «ይችን ቡትቶ ለባሽ አስወጡልኝ» ብለሽ ጻፍሽ። «ዙሌይካ፣ እኔ ፈህሚያ ነኝ» ብትልሽም ስቀሽ አስባረርሻት።

ምነው? የዒድ ቀሚሷን አውልቃ ያለበሰችሽ እኮ እሷ ናት። «ሌላ ሰው መስላኝ ነው» እንዳትይኝ! ሌላ ሰውስ ቢሆን ይሰደባል? ቁመናው የኮምፒውተር ነው፤ ስድቡ ግን ያንቺው ነው።

እኔም ከእፍረቴ የተነሣ «የዙሌይካን ስም የሰረቀ ሰው ይሆናል እንጂ የኔ ልጅ አይደለችም» ብዬ ዋሸኋት። እጄን ስማ ወጣች። አላመነችኝም።

እባክሽ ልጄ፣ ለእኔ ከመደወልሽ በፊት ለእሷ ደውዪላት። ይቅር ካለችሽ ስልኩን አነሳለሁ። አላህ ልብሽን ያራራልኝ፣ አሚን።

እናትሽ ፈትሂያ