በራብ ቀን አልጠይቅም ያሉት መምህር ይሻው መልካሙ

መምህር ይሻው መልካሙ ከአባታቸው ከአቶ መልካሙ ደሞዜ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብዙነሽ በላይነህ፣ ከገሳይ ከፍ ብሎ በጉና ግርጌ በሚገኝ የገብስ አገር፣ በኅዳር ወር 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። እሳቸው የቤቱ በኩር ናቸው፤ ይህን የምጽፈው እኔ ስርጉት ደግሞ የመጨረሻዋ ነኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ስሳሳትም በአርጩሜ ያቀመሱኝ እሳቸው ስለሆኑ ዛሬም እጄ እየፈራ ነው የሚጽፈው።

ጋሼ በልጅነታቸው ዳዊት ደግመው ዲቁና ተቀበሉ። አባታችን ቅስናቸውን ይመኙ ነበር፤ እሳቸው ግን ዘመናዊ ትምህርት አማራቸውና ደብረ ታቦር ገብተው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ። በመምህርነት ሠልጥነው በ1973 ዓ.ም. ይፋግ ተመደቡ። በ1976 ዓ.ም. ከወ/ሮ ዓይናለም ታምራት ጋር በተክሊል ተጋብተው ዝናሽን፣ እንዳልካቸውንና መሠረትን ወለዱ።

በ1990 ዓ.ም. የከተማችን ምእመናን የወንጌልና የእርዳታ ማኅበር ሲመሠርቱ ማስተማሩን ትተው ሰባኪ ሆኑ። የተላኩት እንዶድ ሜዳ ወደምትባል የቆላ መንደር ነበር። ነዋሪዎቿ በሙሉ ሙስሊሞች ናቸው። መኪና አይደርስባትም፤ በእግር ወይ በበቅሎ ነው። በዚያ ዘመን የሰባኪነት ወኔያቸው እንዲህ በቀላሉ የሚነገር አልነበረም። አንድ ዓመት ሳይሞላ መንደሩን በሙሉ አስጠምቃለሁ ብለው ለእናታችን ሲነግሯት እሷ፣ «ይሻዬ፣ መጀመሪያ ሚስትህን ቤተ ክርስቲያን አድርሳት፤ ብቻዋን ነው የምትሄድ» አለቻቸው።

በ1995 ዓ.ም. ዝናብ ቀረና ቆላው ተራበ። ማኅበሩ ስንዴ፣ ዘይትና መድኃኒት አቀረበ። ሥርዓቱ ግን መጀመሪያ ስብከት፣ ቀጥሎ ስንዴ የሚል ነበር፤ ጋሼም ተስማምተውበታል። ሰዉ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ስብከቱ እስኪያልቅ ጆንያውን እንጂ ሰባኪውን አያይም ነበር።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ጋሼ አንድ ስህተት ሠሩ። የተራበውን መንደር እናስደስት ብለው በሬ አስገዙና እዚያው እንዶድ ሜዳ ላይ በስመ አብ ተብሎ ታረደ። መንደርተኛው ወጥቶ ቆመ። ልጆች ምራቃቸውን እየዋጡ አዩ። አንድም ሰው እጁን አልዘረጋም። በአገራችን ክርስቲያን ያረደውን እስላም፣ እስላም ያረደውንም ክርስቲያን እንደማይበላ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ በሰርጋችንም ለእስላም ጎረቤት ለብቻው በእጁ ታርዶ ነው የሚደገስ። የመንደሩ ትልቅ ሰው ሼህ እንድሪስ ጋሼን ወደ ጥግ ወሰዷቸውና፣ «ይሻው፣ ስንት ዓመት ይፋግ ኖረህ ይህን ሳታውቅ ቀርተህ ነው?» አሏቸው። ጋሼ መዋሸት አይችሉበትም። «አውቃለሁ። ራቡ ያስረሳችኋል ብዬ ነው» አሉ።

ሼሁም፣ «ራብማ ያስረሳል። ለዚህ ነው ሰው በራቡ ቀን የማይጠየቀው» አሏቸው። ያን ሥጋ የማኅበሩ ሰዎች በልተው አልጨረሱትም፤ የተረፈው የጅብ ሲሳይ ሆነ። ጋሼ ቤት ሲገቡ ጾም የሚፈታበት ቀን መሆኑን ረስተው ሳይበሉ ተኙ። እንዲህ አፍረው አይቻቸው አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ሥርዓቱን ገለበጡት። ስንዴው ይሰጣል፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ቃሉን መስማት የፈለገ በማግስቱ በፈቃዱ ይመጣል። እሺም እምቢም ማለት የሚችለው የጠገበ ሰው ነው ይሉ ነበር። በማግስቱ የሚመጣው ማን መሰላችሁ? ለዓይናቸው ቅባት የሚፈልጉ አሮጊቶችና ለክርክር የሚመጡት ሼህ እንድሪስ ብቻ። ሁለቱ ሲከራከሩ ይውሉና ሲመሽ ሼሁ፣ «አንተም እኔን ሳትመልስ፣ እኔም አንተን ሳልመልስ ደከምን፤ በል እንረፍ» ይሏቸዋል። በሚቀጥለው የስንዴ ቀን ማግስት ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራሉ።

በአንድ ክፉ ክረምት አንድ የልጆች አባት መጥቶ «አጥምቁኝ» አላቸው። ስሙን አልጽፍም። ማኅበሩ እልል አለ፤ እኔም ብሆን ደስ ብሎኝ ነበር። ጋሼ ግን ለቤቱ ስንዴ አስጭነው፣ «አዝመራህ ይግባና ጠግበህ ሳለህ ና፤ ያን ጊዜ በደስታ አስጠምቅሃለሁ» ብለው መለሱት። አዝመራው ገባ። ሰውዬው አልመጣም። እስከ ጥምቀት በዓል ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር እሱ መስሏቸው ይነሱ ነበር። እኔ በንዴት «በእጅዎ የገባውን!» ብላቸው፣ «በእጄ የገባው ራቡ ነው እንጂ እሱ መቼ ገባ?» አሉኝ።

ማኅበሩ በየዓመቱ ስንት ሰው አመነ እያለ ይጠይቃቸው ነበር፤ ቁጥር ሲያጣ ስንዴ አመላላሽ የሚል ስም አወጣላቸውና እርዳታውን ወደ ሌላ ቦታ አዞረው። ጋሼ ግን አልተዉም። ከጉና ገበሬዎች ድንችና ገብስ እየለመኑ በበቅሎ ያወርዱ ነበር። ጉልበታቸው አለቀ፤ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ወሬያቸውም «ደከመኝ» ብቻ ሆነ። ወ/ሮ ዓይናለም፣ «እኔ ባሌን ለእንዶድ ሜዳ ድሬዋለሁ» እያሉ ይስቁ ነበር፤ ግን ልጆቹን ብቻቸውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ይህም ይጻፍላቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ መንገዱ አላስኬድ ሲል ጋሼ ደጅ ላይ ተቀምጠው ወደ ቆላው ሲያዩ ይውሉ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመ። ሕክምናው ሁሉ ተሞከረ፣ ጠበልም ተወሰዱ፤ አልሆነም። የማኅበሩ ወንድሞች ሊጠይቁ መጥተው ሲጨዋወቱ፣ ያንን የልጆች አባት በስሙ ጠርተው፣ «የድካምዎ ፍሬ እሱ ነው፤ በሕይወት ታሪክዎ እናስነብበዋለን» አሉ። ክፉ አስበው አይደለም፤ ሊያጽናኗቸው ነው። ጋሼ ግን ከትራሳቸው ቀና አሉ። «ሰውዬው ከጎረቤቶቹ ጋር እዚያው ነው የሚኖረው። ያልሆነውን ሆነ ብላችሁ በወገኖቹ ፊት ልታቃጥሉት ነው? ስርጉት፣ አንድም ሰው አላስጠመቀም ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ሰው ምን ይላል፣ ሃያ ሰባት ዓመት በከንቱ ለፋ አይልም ወይ ብዬ ለመንኳቸው። «ይበል። እኔ ደክሞኛል፤ ሞቼ እንኳ አታዋሹኝ» አሉ።

ስለዚህ እንደ ቃላቸው እነሆ፦ መምህር ይሻው መልካሙ በእንዶድ ሜዳ አንድም ሰው አላስጠመቁም።

በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. አርፈዋል። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ዓይናለምን፣ ሦስት ልጆችን፣ የልጅ ልጆችንና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ድካም የሌለበትን ዕረፍት ከደጋጎቹ አባቶች ጋር አምላካቸው ያድላቸው፤ ለእኛም የሚያስችል አንጀት ይስጠን።

ከእንዶድ ሜዳ ሌሊቱን ተጉዛችሁ መጥታችሁ ከበስተኋላ ለቆማችሁት ከጋሼ የመጨረሻ አደራ አለብኝ። ዛሬ ማንም ሰው ምን ልትሆኑ እንደመጣችሁ እንዳይጠይቃችሁ ብለዋል። ለቅሶ ነው የመጣችሁት። ወደ ፊት ቅረቡና አልቅሱ።