የስንቅ አመላላሾቹን ስም ስላጋለጡልን እናመሰግናለን

ለክቡር አቶ አሻግሬ
የቀይ እስክሪብቶ የመጻሕፍት ዝግጅትና ማስታወቂያ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ሳሪስ

ክቡር ሆይ፣ ከነመላው ቤተሰብዎና ከነኮምፒውተሮችዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ስምዎን በየቀኑ ከማንሳቴ በቀር ደህና ነኝ።

ከደንበኞችዎ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ፣ ፈለቀች እባላለሁ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት ባለችው ኪዮስኬ ሳሙናና ብስኩት እሸጣለሁ፤ ጠያቂዎች ይዘው መግባት የማይፈቀድላቸውን ስልክም አስቀምጣለሁ። ሴቶቹ ስልካቸውን ሲሰጡኝ የሆዳቸውንም ያጫውቱኛል። ይህንን በእነሱ ፈቃድ፣ ስማቸውን እንደምለውጥ ቃል ገብቼ ጻፍኩና፣ «ለደራሲ የሚያስፈልገው መሣሪያ ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር» የሚለውን ማስታወቂያዎን አምኜ መጣሁ። ውለታዎን በአደባባይ ካልመለስኩ ነውር ነው።

1. ድግግሞሽ ያጠራል ያሉኝን የአርትዖት ፕሮግራም አመሰግናለሁ። በመጽሐፌ ውስጥ፣ ጠይቆ የሚወጣውን ሰው ሁሉ እያስቆሙ፣ የኛን ሰው አየኸው ወይ፣ ከስቷል ወይ የሚሉ ብዙ ሴቶች ነበሩ። ፕሮግራምዎ የመጀመሪያዋን አስቀርቶ የሌሎቹን ጥያቄ እንደ ትርፍ ቃል ሰረዘው። አሁን የምትጨነቀው አንዲት ሴት ብቻ ስለሆነች አንባቢ አይደክምም።

2. የሽፋኑ ሥዕል፣ ብርቱካናማ ቱታ የለበሰ ፈረንጅ ፍርግርግ ጨብጦ ሲያለቅስ ያሳያል። ሰውዬውን ቃሊቲ አይቼው አላውቅም፤ ቢሆንም አሳዝኖኛል። ጀርባው ላይ ደግሞ አንድ ዶክተር «ልብ የሚሰቅል የፍቅር ልብ ወለድ» ሲሉ መስክረውልኛል። ሳያነቡት እንዲህ ከወደዱት፣ ቢያነቡት ምን ይውጣቸው ነበር ብዬ ሰግቻለሁ።

3. እዚህ ላይ ሳቄ ያበቃል። ሴቶቹ ሲያጫውቱኝ የቀዳሁትን፣ ለማመሳከሪያ የሰጠሁዎትን የድምፅ ቅጂ፣ ድምፅ ወደ ጽሑፍ በሚቀይረው መሣሪያዎ አሳልፈው፣ እኔ የለወጥኳቸውን ስሞች በእውነተኞቹ ተኩና ሳያማክሩኝ አሳተሙት። ከሴቶቹ አንዷ ለልጇ፣ አባትሽ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው የቀረው እያለች፣ እስኪፈታ ድረስ ልታሻግራት ነበር። የእናትየዋን ስም እዚህ አልጠራም፤ እርስዎ በበቂ ጠርተውታል። የገበያ ባለሙያዎችዎ ስሟን በትልልቅ ፊደል ጽፈው፣ «ባሏ የት ነው ያለው?» የሚል ቪዲዮ ከሚያስለቅስ ሙዚቃ ጋር ቲክቶክ ላይ ለቀቁት። ልጅቷም የአባቷን መታሰር ከክፍል ጓደኞቿ ስልክ ላይ ሰማች። ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ቤት ተቀምጣለች፤ እናቷን ውሸታም ትላታለች። እናትየዋ ደግሞ ስልኳን ከጎረቤቴ ኪዮስክ እያስቀመጠች፣ በእኔ በር ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ ታልፋለች። ክቡር ሆይ፣ አንጀቴ አሯል፤ እርስዎን ይቅር ለማለትም ምንም አሳብ የለኝም።

4. ይህንኑ ላመለክት ቢሮዎ ስመጣ፣ ተመልካቹ ስለበዛ እንኳን ደስ አለሽ ብለው እጄን ጨበጡኝ። እጄን ታጥቤዋለሁ።

የምጠይቀው ቪዲዮው እንዲወርድና መጽሐፉ ከየመደብሩ እንዲሰበሰብ ነው። ለሴቶቹ በየቤታቸው እየሄድኩ የሆነውን ሁሉ ነግሬ፣ የሚገባኝን ስድብ ተሰድቤ፣ ቢሮዎ የት እንደሆነ አሳይቻቸዋለሁ። ቪዲዮው እስኪወርድና መጽሐፉ እስኪሰበሰብ ድረስ እርስዎን በየተራ ሊጠይቁ ተስማምተዋል። በፀሐይም በዝናብም መሰለፍ የለመዱ ስለሆኑ፣ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ ናቸው ብትላቸው ቅር አይላቸውም፤ ይጠብቃሉ። ይህን ያህል ዘመን እዚያ በር ላይ ስቀመጥ፣ ሊጠይቁት የመጡትን ሰው ሳያዩ የተመለሱበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ለድርሰት እድገት የሚደክሙትን እጆችዎን ፈጣሪ የእጃቸውን ይስጣቸው እያልኩ፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ፈለቀች
ከቃሊቲ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰኞ ስንቅ ይዘውልዎት ይመጣሉ። መርዝ ይኖርበታል ብለው አይስጉ፤ በር ላይ ፈታሽ ፊት እንደለመዱት፣ ከየሳህኑ ቆንጠር አድርገው ቀምሰው ነው የሚሰጡዎት። ቀድማ የምትቀምሰው የልጅቷ እናት ናት። ከእርስዎ ማብራሪያ አትፈልግም፤ በልተው እስኪጨርሱ ድረስ ፊትዎ ቆማ ታይዎታለች።